የኩሬው ዩቪ መብራት በርቷል ማለት ውሃውን ያጠራል ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የዓሣ ኩሬውን የዩቪ መሣሪያ የሚመረምረው በዓይኑ ነው። በመሣሪያው ትንሽ መስኮት ሰማያዊ ብርሃን ካየ «በርቷል፣ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ውሃው ግን ከሳምንት ሳምንት አረንጓዴ እየሆነ ይሄዳል። ከዚያ ሱቅ ሄዶ አልጌ የሚገድል ኬሚካል ይገዛል። አንዳንዱ ደግሞ ኩሬውን አፍስሶ እንደገና በቧንቧ ውሃ ይሞላዋል። ሁለቱም መንገዶች ዓሣዎቹን ሊገድሉ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ አንድ አምፖል መቀየርና አንድ ቱቦ ማጠብ ብቻ ነው።

ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን ነገር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ሰርቨሩ መልስ ይሰጣል፣ ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፣ ዳታቤዙ ግን ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልመዘገበም። «በርቷል» እና «ሥራውን ይሠራል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ አላሜዳ፣ እንዲሁም በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ ቤት ሲገዙ ኩሬው ከነዓሣው አብሮ የመጣላቸው ወገኖች አሉ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ቀን ቀን ኩሬውን የሚጠብቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ በየትኛው ወር ምን እንደሚደረግለት፣ ስልክና ኮምፒውተራችን በዚህ ሥራ ምን ሊረዱን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ እናያለን።

መጀመሪያ ቀለሙን ለዩ

ኩሬው «ቆሸሸ» ሲባል አራት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ዩቪ የሚረዳው ለአንዱ ብቻ ነው። ምንም ዕቃ ከመክፈታችሁ በፊት በንጹሕ ብርጭቆ ከኩሬው ውሃ ቅዱና ነጭ ወረቀት ከኋላው አድርጋችሁ ተመልከቱት።

1. አረንጓዴ ከሆነ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። እያንዳንዷ አልጌ በጣም ትንሽ ስለሆነች በስፖንጅ ውስጥ አልፋ ትሄዳለች። የዩቪ ሥራ ይህ ነው።

2. ቡናማ ሆኖ፣ ብርጭቆው ውስጥ ሲያድር ከታች የሚዘቅጥ ከሆነ አፈር ነው። ዓባይ በሐምሌና በነሐሴ የሚይዘውን ቀለም አስቡ። ለአፈር ዩቪ ምንም አይጠቅምም። በፌብሩዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. በሳን ሆዜ ኮዮቲ ክሪክ ሞልቶ ኬሊ ፓርክን ሲያጥለቀልቅ፣ እዚያው ያለው የጃፓን የወዳጅነት የአትክልት ስፍራ የኮይ ኩሬዎች በጎርፍና በጭቃ ተመቱ። እንዲህ ዓይነት ውሃ የሚጠራው ጭቃውን በማውጣትና በማጣሪያ ነው። በጓሯችን ደግሞ ዝናብ አፈር ይዞ ወደ ኩሬው እንዳይገባ ዙሪያውን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

3. ጥርት ያለ ሆኖ እንደ ሻይ የቀላ ከሆነ ከረገፉ ቅጠሎች የወጣ ቀለም ነው። ቅጠሉን ማውጣትና በማጣሪያው ውስጥ የከሰል ከረጢት ማስገባት ይረዳል።

4. ውሃው ንጹሕ ሆኖ ግድግዳውና ድንጋዩ ላይ እንደ ፀጉር የሚረዝም አረንጓዴ ነገር ካለ እርሱም አልጌ ነው። ነገር ግን ከድንጋዩ ስለማይለቅ በመሣሪያው ውስጥ አያልፍም፤ ዩቪም አያገኘውም። በእጅ ወይም በብሩሽ ይወጣል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ፓምፑ ውሃውን ከኩሬው ስቦ በአንድ ጥቁር ቱቦ ውስጥ ያሳልፈዋል። በቱቦው መካከል ረጅም አምፖል አለ። አምፖሉ ከውሃው ጋር እንዳይነካካ በኳርትዝ ቱቦ ተሸፍኗል። አምፖሉ የሚያወጣው ዋናው ጨረር 254 ናኖሜትር አካባቢ ያለው አልትራቫዮሌት ሲ ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሆነ፣ ሥራውን የሚሠራውን ጨረር በጭራሽ አናየውም። የምናየው ሰማያዊ ብርሃን ከአምፖሉ ሜርኩሪ አብሮ የሚወጣ ሌላ ብርሃን ነው።

ጨረሩ የአልጌዋን ዲኤንኤ ይጎዳል። የተጎዳችው አልጌ መራባት ያቅታታል፣ ትሞታለች፣ ከሌሎች ጋር ትጣበቃለች። የተጣበቀው እብጠት አሁን በስፖንጅ ለመያዝ ይበቃል። ስለዚህ ዩቪ ብቻውን ውሃ አያጠራም፤ የሚያወጣው ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ከተደፈነ ወይም ከሌለ የሞተው አልጌ ኩሬው ውስጥ በስብሶ ለሚቀጥለው አልጌ ምግብ ይሆናል።

አልጌዋ የምታገኘው የጨረር መጠን የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ የጨረሩ ኃይልና በጨረሩ ሥር የቆየችበት ጊዜ። ውሃው በጣም ከፈጠነ መጠኑ ያንሳል። ፓምፑ ተደፍኖ በጣም ከዘገየ ደግሞ ያለፈው ውሃ ይጸዳል፤ ኩሬው ውስጥ የቀረው አልጌ ግን ከዚያ በፈጠነ ይራባል። ፍሰቱን ለመለካት የሚያስፈልገው ባልዲና ስልክ ብቻ ነው። 10 ሊትር ባልዲ በ12 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰዓት 3,000 ሊትር ነው። እዚህ አገር የኩሬ መጠን በጋሎን ስለሚነገር በ3.785 አባዙት። የ1,000 ጋሎን ኩሬ 3,785 ሊትር ይይዛል፤ በዚህ ፍሰት በሰዓት ከሩብ አካባቢ የኩሬውን ያህል ውሃ በመሣሪያው ያልፋል ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ፍሰት አለመብለጡን አረጋግጡ። ልኬቱንም ጻፉት፤ ከሦስት ወር በኋላ ስትለኩ የምታነጻጽሩት ነገር ያስፈልጋችኋል።

አምፖሉ በርቶ እያለ ይደክማል

ዩቪ አምፖል እንደ ድሮው የቤት አምፖል በድንገት አይቃጠልም። ቀስ በቀስ ይደክማል። ሰማያዊው ብርሃን እንዳለ ይቆያል፤ የማናየው ጨረር ግን እየቀነሰ ይሄዳል። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ8,000 እስከ 9,000 ሰዓት ከሠራ በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ «በዓመት አንዴ ይቀየር» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኳርትዝ ቱቦው ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይለጠፍበታል፤ በላዩም ላይ የሚያዳልጥ ቆሻሻ ይበቅላል። አዲስ አምፖል በቆሸሸ ቱቦ ውስጥ ማስገባት የመኪና መብራት ቀይሮ ጭቃውን ከመስታወቱ ላይ እንደ መተው ነው።

«በክረምት አጥፉት» የሚለው ትርጉም

ስለ አማርኛ ትርጉም ለምንጨነቅ ሰዎች ይህ ክፍል ዋነኛው ነው። የእንግሊዝኛው መመሪያ ዩቪውን በቀዝቃዛው ወቅት ማጥፋት እንደሚቻል ይናገራል፤ በኦክላንድና በአላሜዳ ይህ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ ነው። መመሪያውን በስልክ መተርጎሚያ ስታሳልፉት ግን «በክረምት ያጥፉ» የሚል ሊመጣ ይችላል። እናታችን ያንን ሲያነቡ ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። አያጠፉም አይባልም፤ መመሪያው እንዳለው ያደርጋሉ።

አላሜዳ ላይ ደግሞ ወቅቱ የአገራችን ግልባጭ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ይዘንባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ውሃው ይሞቃል። አልጌ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። በትክክል የተተረጎመች አንዲት ቃል መሣሪያውን በጣም በሚያስፈልግበት ወር ታስጠፋለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለወላጆች በምትጽፉት መመሪያ ላይ «ክረምት»፣ «በጋ»፣ «ፀደይ» የሚሉ ቃላትን አትጠቀሙ። ቀን ጻፉ። የሚታወስ ቀን ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ለዚህ አካባቢ የሚስማሙ አራት ቀኖች እነዚህ ናቸው፦

የካቲት 23፣ የዓድዋ በዓል፣ ማርች 2። አዲስ አምፖል ይገባል፤ ቱቦው ይታጠባል፤ ዩቪው ይበራል። ቀኑ መርዘም ሲጀምር፣ አልጌው ሳይቀድመን ማብራት ነው። አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ማጥራት ከመከላከል የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሰኔ 12፣ ጁን 19። አምፖሉ አይነካም፤ የኳርትዝ ቱቦው ብቻ ይታጠባል። ፍሰቱ በባልዲ ይለካል።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ ኦገስት 19። ቱቦው እንደገና ይታጠባል። ውሃው የሚሞቅበት ጊዜ ስለሆነ የአየር ፓምፑ መሥራቱ ይረጋገጣል።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ኖቬምበር 21። በአገራችን ሰፈር የሚጠረግበትና ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው። እዚህ ደግሞ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። ቅጠሉ በመረብ ይወጣል፤ ማጣሪያው ይታጠባል፤ ዩቪው ይጠፋል። ፓምፑ ግን አይጠፋም።

ከማርች 2 እስከ ኖቬምበር 21 ድረስ 264 ቀን ነው። በ24 ሲባዛ 6,336 ሰዓት ይሆናል። አንድ አምፖል አንድ ወቅት በሚገባ ይሸፍናል ማለት ነው። «ገና አዲስ ነው» ብላችሁ በሁለተኛው ዓመት ብትደግሙት 8,000 ሰዓት የሚሞላው ማብራት በጀመራችሁ በ69 ቀን፣ ግንቦት 2 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው እየሞቀ አልጌው ሲበረታ አምፖሉ እየደከመ ይሄዳል። ባለ 18 ዋት አምፖል 101 ቀን ሲጠፋ ደግሞ ወደ 44 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይተርፋል።

አላሜዳ ላይ ኩሬ ይበርዳል እንጂ በረዶ አይሆንም። ውሃ በረዶ በሚሆንበት በዴንቨር ወይም በሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ግን ዩቪውን ካጠፋችሁ በኋላ ውሃውን አፍስሳችሁ መሣሪያውን ወደ ቤት አስገቡ። በውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ከሆነ ኳርትዙን ይሰነጥቀዋል።

አምፖል መቀየርና ቱቦ ማጠብ፣ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ናቸው። ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጠው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ መሞከሪያ ቁልፉን ስትጫኑ መቁረጥ አለበት። አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ውሃው ወደ መሣሪያው እንዳይገባ ፓምፑን ለዚህ ሥራ ብቻ አቁሙ። ክዳኑን ክፈቱ። አምፖሉን ከጫፉ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ጓንት ልበሱ፤ የእጅ ቅባት በመስታወቱ ላይ መቅረት የለበትም።

ሦስተኛ፣ የኳርትዝ ቱቦውን አውጥታችሁ በነጭ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። ቅርፊቱ ሲለቅ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። የብረት ሽቦ አትጠቀሙ፤ የተጫረ ኳርትዝ ቶሎ ይቆሽሻል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁት።

አራተኛ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ የሚይዘውን ክብ ጎማ ተመልከቱ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠፈጠፈ ቀይሩት። ይህ ጎማ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው፤ እርሱ ሲበላሽ ግን ውሃ ወደ አምፖሉ ይገባል።

አምስተኛ፣ ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መጀመሪያ ውሃውን ልቀቁ። የሚያንጠባጥብ ነገር ከሌለ በኋላ ዩቪውን ሰኩ። ውሃ በሌለበት ማብራት መሣሪያውን ያግለዋል።

ሁለት ጥብቅ ማስጠንቀቂያዎች አሉ። መሣሪያው ተከፍቶ ሳለ አምፖሉን አብርታችሁ አትሞክሩት። ይህ ጨረር ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕመሙም የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው። መብራቱን ማየት ያለባችሁ በመሣሪያው መስኮት በኩል ብቻ ነው። አዲስ አምፖል ስትገዙም ዋቱና የእግሩ ቅርጽ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት። ተራ የመስታወት አምፖል ቢገጥም እንኳ አይሠራም፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም።

አሮጌው አምፖል ሜርኩሪ ስላለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም። በካሊፎርኒያ ይህ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። የአላሜዳ ካውንቲ ነዋሪዎች በኦክላንድ፣ በሄይዋርድና በሊቨርሞር ባሉት የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ቦታዎች ማስረከብ ይችላሉ። ከተሰበረ ደግሞ በቫክዩም አትጥረጉት። አየር ይግባ፤ ስባሪውን በጓንትና በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጉት።

ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች

ከዩቪ መሣሪያ ይልቅ ዓሣ የሚያድነው ማጣሪያው ነው። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል። በስፖንጁና በማጣሪያው ዕቃ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከዕቃው ጋር ተጣብቀው ስለሚኖሩ ዩቪው አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸው የቧንቧ ውሃ ነው።

በኦክላንድና በአላሜዳ ውሃ የሚያቀርበው ኢስት ቤይ ማድ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃውን የሚያክመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ነው። «ውሃውን በባልዲ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይተናል» የሚለው የቆየ ምክር ለክሎሪን ይሠራል፤ ክሎራሚን ግን በአንድ ሌሊት አይለቅም። የክሎሪን ማጥፊያ መድኃኒት ስትገዙም ክሎራሚንንና ከእርሱ የሚለቀቀውን አሞኒያ ሁለቱንም እንደሚይዝ የተጻፈበትን ምረጡ። ክሎሪኑን ብቻ የሚያጠፋ ከሆነ አሞኒያው ለዓሣው ይተርፋል።

ስለዚህ ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አትጠቡት። ከኩሬው በባልዲ ውሃ ቅዱና በዚያ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ነጭ እስኪሆን ማሸት አያስፈልግም። ከአንድ በላይ ስፖንጅ ካለ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ እጠቡ። ያጠባችሁበትን ውሃ መንገድ ዳር ባለው ፍሳሽ አታፍስሱት፤ እርሱ ሳይጣራ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ለአበባና ለጎመን ግን ጥሩ ነው።

አልጌ መግደያ ኬሚካል ላይ ለምን እንደምጠነቀቅ የገዛ ባሕራችን አሳይቶናል። በጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአላሜዳና በኦክላንድ መካከል ባለው ጠባብ የባሕር ክንድ ሄቴሮሲግማ አካሺዎ የተባለ አልጌ ውሃውን ቡናማ አድርጎ ታየ። ከተጣራ ፍሳሽ የሚመጣ ናይትሮጅን ምግብ ሆነው። በኦገስት መጨረሻ በኦክላንድ ሌክ ሜሪት ዳር የሞቱ ዓሣዎች ተከመሩ። አልጌ በብዛት ሲሞትና ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል። ኩሬ ውስጥ አልጌውን ሁሉ በአንድ ቀን የሚገድል ኬሚካል ስናፈስ ይህንኑ በትንሹ እንደግማለን። ሙቅ ውሃ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፤ በ10 ዲግሪ በሊትር ወደ 11.3 ሚሊግራም ሲይዝ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ዩቪ አልጌውን ቀስ በቀስ በቀናት ውስጥ ስለሚቀንስ ይሻላል፤ ያኔም ቢሆን የአየር ፓምፑ ሌሊቱን ይሥራ።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምንጨነቀው ለዩቪ ሊሆን አይገባም። ዩቪ ለሳምንት ቢጠፋ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል እንጂ ዓሣ አይሞትም። ፓምፑ ሲቆም ግን ውሃው ውስጥ ኦክስጅን መግባቱ ይቀንሳል፤ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያላቸውን አየር ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ። ለዓሣዎቹ ምግብ አትስጡ። መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ከመጣ፣ ፓምፑን ከመልቀቃችሁ በፊት በተዘጋው ማጣሪያ ውስጥ የቆየውን ውሃ አፍስሱት። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ከሆነ ወደ ኩሬው መመለስ የለበትም።

ስልክና ኮምፒውተር ምን ይረዳሉ?

የመጀመሪያው መሣሪያ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ አምፖሉ የገባበት ቀን፣ የጠፋበት ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ ማስታወሻ። ሰዓቱ የሁለቱ ቀኖች ልዩነት በ24 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ድምሩ 8,000 ሲያልፍ ሴሉ ቀይ እንዲሆን አድርጉ። ኤክሴሉ የሚያሰላው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ የኢትዮጵያውን ቀን ከጎኑ በጽሑፍ ጨምሩ። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ በጃቫስክሪፕት ኢንትል ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የራሳችሁን ቀመር መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ኅዳር 12 በአንዳንድ ዓመት ኖቬምበር 22 ላይ ይውላል፤ ለዚህ ሥራ አንድ ቀን ልዩነት አያመጣም።

ሁለተኛው ስማርት ሶኬት ነው። የሚበላውን ዋት የሚለካ ከሆነ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ሲሞት ያሳውቃችኋል፤ የበራበትንም ሰዓት ይቆጥራል። የደከመ አምፖል ግን ኤሌክትሪኩን እንደ ጤነኛው ይበላል። 18 ዋት እየበላ ጨረሩ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሶኬቱ «18 ዋት፣ ደህና» ሲላችሁ የሚነግራችሁ ሰማያዊው ብርሃን ከነገራችሁ የተለየ አይደለም። የምታምኑት የሰዓት ድምሩን ነው።

ስማርት ሶኬቱን ለዩቪ ብቻ አድርጉት፤ ፓምፑን በእርሱ ላይ አትሰኩ። አንዳንዶቹ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደጠፉ ይቀራሉ። ለዩቪ ይህ ምንም አይደለም፤ ለፓምፕ ግን የዓሣ ሕይወት ነው።

ሦስተኛው ምልክት መለጠፍ ነው። ሁለቱ ሶኬቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱን ለሌላው መሳሳት ቀላል ነው። በትልቅ ፊደል «ፓምፕ፦ ፈጽሞ አይጠፋም» እና «ዩቪ፦ ከመከፈቱ በፊት ይነቀል» ብላችሁ ለጥፉ። ትንንሾቹ የመለያ ማተሚያዎች የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው ባዶ ሳጥን ሊያትሙ ይችላሉ። በስልካችሁ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ጽፋችሁ እንደ ፎቶ ብታስቀምጡትና ፎቶውን ብታትሙ ችግሩ ይፈታል። ሰዓት ስትጽፉም ተጠንቀቁ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ለእናታችሁ እና ለስልኩ አንድ አይደለም፤ ስልኩ 8 ሰዓት ይለዋል። «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ስልኩ ላይ 8» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

አገር ቤት ለምታነቡ

ከዚህ የዩቪ መሣሪያ ገዝታችሁ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ካሰባችሁ ቮልቴጁን ተመልከቱ። እዚህ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እዚያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። የአምፖሉ ባላስት ለአንዱ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። እዚያ የአየር ፓምፕ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ዓሣውን ለምግብ የምታረቡ ከሆነ ግን ዩቪውን ጭራሹን አትግዙ። ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አልጌ ይመገባል። ለእርሱ አረንጓዴ ውሃ የተዘረጋ ገበታ ነው። ዩቪ ዓሣውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው።

የኮይ ኩሬ ላላችሁ፣ ዛሬ ማድረግ የምትችሉት አንድ ነገር አለ። አሁን የበራው አምፖል መቼ እንደገባ አስታውሱና ቀኑን በመሣሪያው ክዳን ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉት። ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ አዲስ አምፖል አስገቡና ከዛሬ ጀምራችሁ ቁጠሩ።